ውሃ ልክ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ቶርኖው እየዞረ ብረት ብረት ሲበላ፣
አንድ ሰው ከች አለ፣ በጋቢ ጠቅልሎ
ረዥም ነገር ይዞ፣ እንደ ሕፃን አዝሎ።
ስሙ ቢያድግልኝ፤ ከገልዳ ወንዝ ማዶ
በታንኳ የመጣ፣ ሳይነጋ ማልዶ።

«ሽንኩርት ጠብቄ አድራለሁ፤ ጉማሬ ነው ባላንጣዬ፤
ይኸ ግን» አለ ገልጦ፣ «ከዳኝ መመኪያዬ።
የመጀመሪያዋን ለማስደንገጥ ውሃው ላይ ለቀቅኩኝ፣
ሄደች እንዳልኳት። ሁለተኛዋ ግራ ሄደች፣ ግራ ገባኝ።
ሦስተኛዋ የጎረቤቴን ታንኳ ጎኑን በሳችው።
ደንገል ነው የቆሰለው፤ ሰው አልነበረበትም፤
ሰውየው ግን ይኸው እንደምን አደርክ አይለኝም።»

ጋሽ አንዳርጌ ተቀበለው። ካዝናውን አወጣ፣
ጎተተ፣ ጣቱን ሰዶ ጎሬውን ዳሰሰ፣
ባዶ መሆኑን አውቆ፣ ደግሞ ተመለሰ።
ወደ ጫፉ ሄደ።
«ማን አሰረው ይኸን?»
«የእህቴ ልጅ፤ በፒንሳ።»
«ውሸታም አይደለም፤ ቆቡን ነው ያዘመመ፣
ሰርግ ቤት እንደገባ ጎረምሳ።
እዩት፣ አፈሙዙ ላይ፣ የጭስ መተንፈሻው
ሽቅብ ማየት ሲገባው ወደ ቀኝ ዞሯል፤
በቀኙ ሲተነፍስ ወደ ግራ ይገፋል።
አፍ ሲያመልጥ የሚባለው ለሰው ብቻ መሰላችሁ?»

እኔ ያኔ ለማጅ፤ ቁልፉን ብድግ አድርጌ
«ትንሽ ባጠብቀው ራሱ ይቀናል» ብል፣
መዳፌን መታኝ።
«ጥርሱን ልትበላው ነው? በጉልበት የቀና
ጉልበቱ ሲለቀው ይመለሳልና፣
ከሮንዴላው ቀንስ። የፀጉር ያህል። ሞክር።
አልደረሰም? ቀንስ። ደግሞ ሞክር።»
ስሞርድ ዋልኩ። ቢያድግልኝ ከደጃፉ አልተነሳም፤
ብረቱን ትቶ ማደር እንዴት ይሆንለታል፣
እዚያው ተኮራምቶ አደረ።

ውሃ ልካችን ግን
መስታወቱ ተሰንጥቆ ውሃው ከደረቀ ቆይቷል፤
አረፋው የት እንደገባ እንጃ።
«ትልቁ አለ» አለ ጋሽ አንዳርጌ።
በማግስቱ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣
ሞርሳውን ከነጠረጴዛው ለሦስት ተሸክመን
ከደንገሉ ጥግ፣ ከጣና ፊት አስቀመጥነው።
ጣና በዚያ ሰዓት አንድ መስመር ነው፤
ማንም ያላሰመረው።

መጀመሪያ የብረቱን ጀርባ ከውሃው አስተካከልን።
ከዚያ ቁልፉን ያዘና፣ ሰውየው እንዳይሰማ፣
«ግራ ዓይኔ ሞራ ለብሷል፣ ቀኙም እየተከተለ ነው፤
አንተ እይ፤ እኔ ላዙር» አለኝ።
ሁለት ዓመት አብሬው ስሠራ ይህን አላውቅም።
ተንበረከክሁ። የቆቡን ጠርዝ ከመስመሩ አስተያየሁ።
«ትንሽ... ትንሽ... አለፍክ፤ መልስ...»
አንድ ታንኳ መስመሩን ይዞ መጣ፤
ቀዛፊው እስኪያልፍ፣ ውሃው እስኪረሳው፣ ቆየን።
«አሁን?»
«አሁን።»

ዋጋው አንድ ከረጢት ሽንኩርት ተባለ።
ቢያድግልኝ ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ
ጋሽ አንዳርጌ ሰደፉን ይዞ አልለቀቀም።
«እስከ ዛሬ ስትስት በቆቡ ታሳብብ ነበር፤
ካሁን ወዲያ ያልከው ይሄዳል። እንግዲህ አንተ ነህ።
የጎረቤትህን ነገር ደግሞ ራስህ ሂድበት፤
እሱን ቶርኖ አያቀናውም።»

ዛሬ በዚያ በኩል አምስት ፎቅ ቆሟል፤
በመስኮቴ የሚታየኝ የሰው ልብስ ማስጫ ነው።
መሳቢያዬ ውስጥ አዲስ ውሃ ልክ አለ፣ አረንጓዴ፤
አረፋው መሃል ሲቆም አምነዋለሁ።
ብቻ አንዳንድ ሥራ ላይ፣
ስህተቱ ማን ቤት እንደሚገባ ሳስብ፣
ጎህ ሲቀድ የፎቁን አጥር ዞሬ እወርዳለሁ፤
ዕቃውን እንደያዝኩ፣
ታንኳ ካለ፣ እስኪያልፍ እቆማለሁ።