ከድንች ሥር የቆየ ቅጂ

ጎረቤቴ ሄልዩ ሦስት ዲስክ ነበራት፤
እሳት፣ ሌባ፣ መብረቅ፣ እኩል የሚያስፈራት።
አንዱ ከኮምፒውተሯ በገመድ ታስሮ፣
አንዱ ቁም ሳጥን ውስጥ በካልሲ ተሰውሮ፣
ሦስተኛው እኔ ጋ፣ ምድር ቤት ገብቶ፣
ከድንች ከረጢት ሥር ጀርባውን ሰጥቶ።

ሳሬማ ትንሽ ደሴት ናት፣ ነፋሷ ግን ሰፊ፤
የባልቲክ ጨው ብረት በይ፣ ቀለምና ሚስማር አጥፊ።
«ኡሎ፣» አለችኝ ያኔ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣
«ሁሉ ካንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጥም» ብላ፤
«ወር በገባ ቁጥር ይዘኸው ትመጣ፣
አዲሱን ቀድቼ፣ ይዘኸው ትወጣ።
አደራ!»
ራሴን ነቀነቅሁ።
አደራ ሲቀበሉት ላባ ነው ክብደቱ፤
ድንጋይ የሚሆነው፣ ሲጠይቅ ባለቤቱ።

በዲስኩ ያለው ምን? ዝይ ነው፣ የዝይ ቁጥር።
ኤንዴል ባሏ፣ ሃያ ዓመት፣ ከባሕሩ ዳር፣ ከጥድ ሥር፣
መጸው በመጣ ቁጥር ወደ ደቡብ ሲያልፉ፣
አንጋጦ ይቆጥራል፣ ክንፍ በክንፍ ሲሰለፉ።
እርሳስ አይዝም፤ ጣቱን ብርድ ያደርቀዋል፤
ለትንሿ መቅረጫ በድምፁ ይነግራታል፦
«አርባ ሁለት… ሰባት… ቆይ፣ አንዷ ተመለሰች…»
ከዚያ ሳል። ከዚያ ነፋስ። ከዚያ ጀልባ አለፈች።
ሄልዩ ማታ ማታ ቁጥሩን ስትጽፍ፣
«ሳልህን ስንት ልበል?» ትለው ነበር ስታሾፍ።

ኤንዴል በጥር ሞተ፤ መሬቱ በረዶ ነበር፤
ዝይዎቹ በሚያዝያ ተመለሱ፣ ያለ ቁጥር።

ራግናር የልጅ ልጇ ለእረፍት መጣና፣
ኮምፒውተሯን አይቶ፣ «ሞልቷል» አለ ገና፤
«ቁጥሩ ተጽፎ የለ? ድምፁ ምን ይሠራል?»
ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም፤ ቤት ሲጠርግ ማን ያጣራል?
ሌሊት ታማኙ ዲስክ፣ በገመድ የታሰረው፣
እንደ ልማዱ ነቅቶ ጌታውን አስተዋለው፤
ጌታው የጣለውን እሱም ደግሞ ጣለው።
ማክሰኞ ሄልዩ ራሷ፣ ቀን የማታሳልፍ፣
የካልሲውንም አውጥታ አስገባችው ከሰልፍ።
ሁለቱ ልክ ሆኑ፤ እንደ መንታ ተመሳሰሉ፤
ባዶነትን እንኳ አንዲት ሳያጎድሉ።

ያወቀችው በኅዳር፣ ብቻዋን አንድ ማታ፤
ቁጥሩን አይደለም፣ ሳሉን ልትሰማ ከፍታ።

እኩለ ሌሊት በሬን መታች፣ በፒጃማ ላይ ኮት፤
«ኡሎ፣ ዲስኩ!» አለች። ቃል አጣሁ የምላት።
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እኔ አልነካሁትም፤
ወር ሲገባ ጉልበቴ፣ ወር ሲገባ መረቤ፤ ሰበብ አላጣሁም።
በፊት ትቆጣኝ ነበር፣ በስልክም፣ ባጥር፤
ኋላ ተወችኝ፣ እንደ ዛገ ሚስማር።

ወረድን ምድር ቤት፤ አምፖሉ ተቃጥሎ፣
በስልኳ መብራት፤ ድንቹ አቆጥቁጦ፣ ነጭ ሥሩን ጥሎ፣
ላስቲኩን አቅፎታል።
ላይ ወጥተን ሰካችው።
አንዴ «ቀጭ» አለ፤ ዝም።
እሷም ዝም። እኔ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም።
ከዚያ፣ እንደ አሮጌ ጀልባ ሞተር፣ ማጉረምረም።

«ሠላሳ አራት… ስድስት… አይ፣ እነዚህስ ዳክዬ ናቸው…»
ሳል።
ሄልዩ አፏን በእጇ ያዘች፤ ዕንባዋን ግን ተወችው።

የታመነው አጠፋ፣ የዘነጋው አቆየ፤
እንዲህ ያለ ፍርድ ማን አየ?
እኔ ግን አልኮራም፤ ስንፍና ነው፣ ጥበብ አልነበረም፤
የኤንዴል የመጨረሻ ሁለት መጸዎች በዚህ ዲስክ የሉም።
ሄልዩ ታውቃለች። አላነሳችውም።

አሁን ዲስኩ አራት ነው። አዲሱን ይዤ እመላለሳለሁ፤
ወር በገባ ቁጥር፣ ጉልበቴም ቢያመኝ፣ በብስክሌት እደርሳለሁ።
አሮጌው ግን ተመለሰ፣ ድንቹ ሥር፣ እንደ ጥንቱ፤
«እሱን አትንካው» አለች፣ «አንድ የሚረሳም ይኑር ለቤቱ።»

አንዳንዴ ድንች ላወጣ ስወርድ፣ ቆም እላለሁ።
በላዬ ዝይ ያልፋል፤ በድምፅ ብቻ እቆጥራለሁ፦
አርባ… ሰባት…
ከዚያ ያስለኛል።