ነፋስ የለም ብለን

ሰዓት ያዥ ነበርኩኝ፣ በሒሳብ ውድድር፤
ጆሮው በሙጫ የተጠገነ ዋንጫ ከጠረጴዛው ዳር፣
ስድስት ትምህርት ቤት ባንድ አዳራሽ ታጭቆ፣
የሐዋሳ ፀሐይ በቆርቆሮው ዘልቆ።

ጠያቂው አነበበ፦
«አንዲት ጀልባ ሐይቁን ቀጥ ብላ ስታቋርጥ፣
በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር፣ ሳትዘገይ ብትሮጥ፣
ማዶው ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን፣
ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል? አስሉልን።»

ስልሳ ሰከንድ ሰጠሁ።
ሁሉም በየወረቀቱ ጎብጦ ሲያካፍል፣ ሲያባዛ፣
ዮዲት ላንቃሞ እጇን አነሣች፣ በዝግታ፣ እንደ ዋዛ፦
«ነፋሱስ? ጉዞው በጠዋት ነው፣ ወይስ ከቀትር ወዲያ?»

አዳራሹ ሳቀ። ጠያቂው መነጽሩን ወለወለ፤
«ነፋስ የለም ብለን እንውሰድ፣ ልጄ» አለ።
«የለም ብለን?»
ከዚያ ዝም። መዳፌ ውስጥ ሰከንዱ ይቆጥራል።

ጎረቤቷ ነኝ፤ አምና እነላንቃሞ መረብ ሊያነሡ ሲወጡ
ሁለት ወንድማማች ነበሩ። ሁለት ሆነው አልመጡ።

ደወሉን መታሁት።
«ሰማንያ ደቂቃ!» አሉ ከወዲያኛው ወንበር፤
ዋንጫው በዚያ ሄደ፣ በጭብጨባ፣ በግርግር።

ማታ አይደለም፣ ገና ወንበር ስንደረድር
የዮዲትን ወረቀት አገኘሁት ከጠረጴዛው ሥር፤
ሁለት መስመር ብቻ፣ ደጋግማ ያደመቀችው በእርሳስ፦
«ሰማንያ።
ነፋስ ከሌለ።»

አጥፌ ኪሴ ልከተው ስወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤
አባ ኮዳዎቹ ሐይቁ ዳር ቆመው ላባቸው ተንጨባሯል፣
ወረቀቱንም ካንድ ጫፉ
የሆነ ነገር ይጎትተዋል።