ባዶው ሚስማር

ኮምቦልቻ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
መብራት ሄዶ መጥቶ፣ ማሽኔ ነቅቶ ካንቀላፋበት፣
የቦርከናን ውሃ ለአርባ ማሳ የሚያደርስ
አንድ የቦይ ስልት ፍለጋ፣ ሳዳቅል፣ ስጥል፣ ስመልስ፣
ያው አንዱ ዘር አሸነፈ።
ሺህ ትውልድ አበቀልኩ፤ ሺሁም እሱኑ መስሎ አረፈ።
ልጁ አባቱን ቢበልጥ፣ የልጅ ልጁ ቢበልጠው፣
መጨረሻው አንድ መልክ ነው፣ አንድ ማኅተም የመታው።
ከአንዲት ጉብታ ወጥቶ «ደረስኩ» ብሎ ተቀመጠ፤
የማዶው ተራራ ግን ሳይታይ አመለጠ።

ቅዳሜ ሐርቡ ወረድኩ፣ ከአክስቴ ከጦይባ ቤት፣
በባጃጅ፣ በአቧራ፣ በዚያ በቆላ ሙቀት።
ቀና ብል፣ ከምድጃው ጢስ በላይ፣ ከወራጁ ተሰቅሎ
የማሽላ ዛላ በየሚስማሩ ተንጠልጥሎ፤
ቀይ፣ ነጭ፣ ዳማ፣ እንደ ዝይ አንገት የተቆለመመ፣
እንደ ቡጢ የተጨበጠ፣ እንደ ሽማግሌ ፂም ያዘመመ።

«ከሁሉ የቱ ይበልጣል?» አልኳት።
«ለምኑ?» አለችኝ።
ዝም አልኳት።

«ይቺ ሚያዝያ ለዘነበለት፣ ያቺ እስከ ሐምሌ ለዘገየበት፤
ይሄ ለመረሬው፣ ያ ለድንጋዩ ጠርዝ፣ ውሃ ለማይቆምበት።
ወፍ አይበላሽ መራራ ናት፣ ግሪሳ እንኳ አይደፍራት፤
ወተት በጉንጬን በእሸቷ ነው፣ ልጅና እንግዳ የሚያውቃት።
እሷን ከእሷ ምን አጋጠማቸው?
ከየወገናቸው ጋር ነው የማወዳድራቸው።
አጨዳ ሳይደርስ ማሳውን እዞራለሁ፣ ዕቃ እንደ ጠፋበት ሰው፤
የሷን ወገን የሚበልጣት ካገኘሁ፣
አሮጌዋን አውርጄ አዲሷን እዚያው ሚስማር ላይ ነው።»

አንዱ ሚስማር ባዶ ነበር። ዝገት ብቻ የተሰቀለበት።
«እዚህስ?»
«በሰባ ሰባት በላነው» አለች። ድስቷን አማሰለች።

ተመልሼ ማሽኑን እንደ ጦይባ ጣሪያ ሠራሁት፤
አንዱን አሸናፊ ትቼ፣ ስክሪኑን ቤት በቤት ከፈልኩት፤
ውሃ ለሚቆጥበው ቤት፣ ለሚያፈጥነው ቤት፣
ጎርፍ ለሚችለው፣ ለቀርፋፋው፣ ለግትሩም ቤት።
(ቤት የማይመታ ስንኝም አለ፤ እሱንም አስገባሁት።)
ከማይረባው ጥግ የወጣ፣ ማንም ያላሰበው ዲቃላ
ሦስት ቤት ተሻግሮ ሄዶ፣ የነገሠውን ገለበጠ በኋላ።
ሳቅሁ፣ ብቻዬን፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ።

ጥቂት ቤቶች ግን ጨለማ ናቸው፤ ማሽኑ ገና አልደረሰባቸው፣
ወይ ጭራሽ ነዋሪ የላቸው።
ዜሮ ልጽፍባቸው አልኩና፣ ጣቴ እምቢ አለ፤
ዜሮ ለሞከረ ነው፤ እዚህ ማን ታገለ፣ ማንስ ጣለ?

ሲነጋ ደወልኩላት። «ያ የተበላው፣ ስሙ ማን ነበር?»
መስመሩ ተንሿሿ፤ ከጀርባዋ ወንጭፍ ያፏጫል፣
ግሪሳ ይበተናል።
«ረሳሁት» አለች። ቆየችና፣
«አብሽር፤ ሚስማሩን አልነቀልኩትም።»