የምድር ቤቱ ስንጥቅ

ደብዳቤው አጭር ነው፣ አራት መስመር ብቻ፦
«የአውቶቡስ ጋራዡ ዞሯል ዊኒፔግ ዳርቻ፤
እስከ መስከረም ድረስ ውሳኔህን እንወቀው።»
ደመወዙ ያው ነው፤ ጭማሪው ብርዱ ነው።

ሐሚልተን ቁጭ ብዬ በስልኬ ተጉዤ
አሥራ አንድ ቤት አየሁ፣ ሻይ በእጄ ይዤ።
ለአሥራ ሁለተኛው ዓይን ብቻ አይበቃም፤
እግር ሳይረግጠው ከእጅ ፊርማ አይወጣም።

ደላላው ዳሪል ነው። በርና መስኮቱን
እያወደሰልኝ፣ የፀሐይ መግቢያውን፣
ምድር ቤት ስንወርድ ግን ዘጋ አንደበቱን።

ግድግዳው ተሰንጥቋል። እጄን ብሰድበት
ሰተት አለ ጣቴ፣ እስከ ቀለበት።

«አፈሩ ሸክላ ነው» አለኝ እየሳቀ፣
«በረዶ ሲቀልጥ ያብጣል፤ ይሸሻል ከደረቀ።
እዚህ ከተማ ውስጥ የታል ያልተሰነጠቀ?»

ማታ ሞቴል አልጋ ደብተሬን ዘርግቼ፣
ቅድሚያ ክፍያውን ከቁጠባ አውጥቼ፣
ሃያ አምስት ዓመቱን ዕድሜዬ ላይ ጭኜ፦
ቤቱ የኔ ሲሆን ሰባ አንድ ይሞላኛል፤
ያኔ ያን ደረጃ ማን ደግፎ ያወርደኛል?

ለሚስቴ ደወልሁ። ዋጋውን ሳልነግራት፣
ስንጥቁንም ሳላነሣ፣ ዝም ብዬ ጠራኋት፦
«ውድ ነሽ።»
ትንሽ ቆየች።
«ስሜን ነው የጠራኸው፣ ወይስ ቤቲቱን ነው?»
«ሁለታችሁንም።»
«ስንት?»
ነገርኋት።
የኛው ፍሪጅ ሲያጉረመርም በስልኩ ይሰማኛል።
«ምድር ቤቱ ውኃ ያስገባል?»

ቀለበቴ ላይ የሲሚንቶ አቧራ አለ።
በአውራ ጣቴ ጠረግሁት።
«ገና አልዘነበም» አልኋት።