ዘጠነኛው ኪስ

ስምንት የፉትቦል ካርዶች፣ የአንድ ሰው ናቸው፣
በፕላስቲክ ኪስ፣ እንደየዓመታቸው።
የመጀመሪያው ላይ፣ ገና ጢም ሳያበቅል፣
ስሙን ጽፎታል ፊደል በፊደል፤
ዱዌን ካልሃውን፣ አንዲት ሳትጎድል፣
እንደ ልጅ ደብተር፣ ከመስመር ሳይዘል።

በአራተኛው ላይ እጁ ቸኮለ፤
የአባቱ ስም ባንድ ጭረት ተጠቀለለ።
ዝና ነው አልኩ፤ ሰው በዝቶበት ነው አልኩ፤
ሻጩ የጠራውን ሳልከራከር ከፈልኩ።

በሰባተኛው ቀለሙ ይንቀጠቀጣል፤
የማሊያውን ሃምሳ አራት፣ አርባ አምስት ብሎታል።
"ስህተት ያለበት ካርድ ዋጋው ይጨምራል"
አለኝ ነጋዴው። ሳቅን።

ዘንድሮ በየካቲት፣ አክሮን፣ በረዶው ጉልበት ደርሶ፣
በቀድሞው የጎማ ፋብሪካ አዳራሽ ተሰለፍኩ።
ብዕሩን አነሳ። ካርዱ ላይ አንጠልጥሎት ቆየ።
ከኋላዬ ሰው አሳለ።
ሚስቱ ሎሬታ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ፦
"ዲ። ቀጥ ያለ እንጨት፣ ከዚያ ሆድ።"
እንጨቱን ሠራ። ሆዱ ጠፋው።
ቀና ብሎ "ልክ ነው?" አለኝ።
"ልክ ነው" አልኩት።

በየእሁዱ ያ የራስ ቁር ከሌላ ቁር ሲላተም
ከሶፋዬ ብድግ ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ።

ካርዱን ለፊርማ መርማሪዎች ላክኩት።
በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ፣ ከአንዲት ብጣሽ ወረቀት ጋር፦
"ከቀድሞዎቹ ጋር አይመሳሰልም። የእሱ አይደለም።"

ዘጠነኛው ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤
ወረቀቷንም ከጀርባው።