የበቅሎዋ ደረሰኝ

ከአባቴ ዳዊት ውስጥ፣ ከማኅደሩ ጉያ፣
አንዲት ወረቀት አለች፣ የበቅሎ መለያ።
ጠርዟን ምስጥ ቀምሷታል፣ መሐሏ ተጣጥፏል፣
የእንግሊዙ ፊርማ ግን ዛሬም ቀጥ ብሏል፦

«አንዲት ቦራ በቅሎ፣ ከነኮርቻዋ፣
ተቀብያለሁ፤ ይከፈላል ዋጋዋ።
ሻምበል ፐርሲ ሃልወርድ፣
ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ ሠላሳ ሦስት።»

ከኻርቱም ተነሥቶ፣ ግመል ሲነዳ ከርሞ፣
ግመሎቹ አልቀው፣ እሱም በወባ ታሞ፣
ከተማችን ሲደርስ ውርጭ ጆሮውን በልቶ፣
ጫማው አፉን ከፍቶ፣
«በቅሎ የታለ?» አለ፣ ከድር አፍ ውስጥ ገብቶ።

ከድር የአልዩ አምባ ልጅ፣ ዓደን ወደብ ያደገ፣
ቃልን እንደ አሞሌ በጥፍሩ መትቶ የሚፈትሽ።
አባቴ ያኔ ወጣት፣ ጨው ነጋዴ፣ በቅሎው አንዲት።
ልጓሟን ሲያስረክብ ጆሮዋ ሥር አንድ ቃል አለ።
ሻምበሉ አልሰማም።
ከድር ሰምቷል፤ አልተረጎመም፤
የበቅሎና የጌታዋ ጉዳይ ነው ብሎ ተወው።

ጦርነቱ አለቀ። የሻምበሉ አላለቀም፤
ከጣርማ በር ወደ በርማ፣ ሂድ ሲሉት ሄደ፣ አልጠየቀም።
በዝናብ ሻለቃ ሆነ፣ በማላያ ጫካ ኮሎኔል፤
ትከሻው ላይ ኮከብ ሲበዛ፣ ጉልበቱ ሥር ብርድ ሲሰፍር፣
ጡረታ ወጣ፤ ጽጌረዳ ተከለ፤ ሚስቱን ቀበረ።
ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ግን
የበርማ ጥይት አልነበረም።
የኛ ጉም ነበረ።

አባቴም ለዋጋዋ ሦስቴ ደጅ ጠንቶ፣
ሁለቴ «ነገ ና»፣ ሦስተኛው ቤት ተዘግቶ፣
ጨዉን በገዛ ጀርባው ተሸክሞ
ያን ክረምት ወጣው።

በስልሳ አራት ደብዳቤ መጣ፤
«ለአቶ ዘውገ፣ ለበቅሎዋ ባለቤት፣ ደብረ ብርሃን» ይላል፤
ያውም ደረሰ።
መምህር ነበርኩና እኔ አነበብኩለት፦

«በቅሎህ ጣርማ በር ላይ፣ በጉም፣ በሦስተኛው ቀን፣
እግሯ ከድንጋይ ስንጥቅ ገብቶ ተሰበረ።
በሽጉጤ ገላገልኳት። ስንቅ አልነበረንም።
ሱዳኖቹ ፊታቸውን አዞሩ፤
ያንተ አገር ሰዎች ተነሥተው ራቅ አሉ፤
እኔና አንዱ መቶ አለቃ እሳት አነደድን።
ዋጋዋን እልካለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤
ስሟ ማን ነበር?»

እሳት ከሚለው ላይ ድምፄ ተሰናከለ።
«ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት።
ለእንዲህ ያለ ሰው አገሬው ስም አለው፤
ከአባቴ አንደበት ግን አልወጣም።
ፊቱን ወደ ጣርማ በር አዞረ፤
ሳቅ ይሁን ሳል፣ ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ።

«ጻፍ» አለኝ፤ «ገንዘቡ ይቅርበት፤
በጉም ውስጥ ለተራበ፣ ባልነበርኩበት አልፈርድበት።
ስሟን ግን ጠይቋል፤ ጠያቂ አይከለከልም፤
አደራ ነበረች በለው። ሌላ አትጨምርም።»

ሦስት ቀን ከብዕሩ ጋር ተፋጠጥኩ፤
ፍቺዋን ልጻፍ? ወይስ እንደ ከድር ልተው?
በመጨረሻ ስሟን ብቻ ላክሁ፣
በነሱ ፊደል፣ አምስት ቀለም።

በዓመቱ፣ በጥቅምት፣ የሴት እጅ ጽሕፈት መጣ፦
«አባቴ የእናንተን ቋንቋ መዝገበ ቃላት አስመጣ፤
አንድ ቃል ፈለገ፣ አገኘው፣ መጽሐፉን ዘጋ።
ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ
አልቀመሰም ሥጋ።
ምክንያቱን ታውቁ ይሆን?»

አባቴ ዳዊቱን ገልጦ ደረሰኟን አወጣ።
«ልቅደዳት?» አልኩት።
«ተዋት» አለ። «እሷም አደራ ናት።»

አሁን እሱም የለ። ባለዕዳውም ባለገንዘቡም የሉ፤
ዳዊቱ እኔ ዘንድ ነው።
ለልጅቱ ግን
እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም።