ገጽ ስልሳ አምስት

ረቂቅሽን በፌስታል ቋጥረሽ የመጣሽ ለት፣
መኪና ግርግር በፔዳል ጩኸት ሲናወጥ በረፋዱ ሰዓት፣
«ጋሽ ስንሻው፣ መጽሐፍ እንዴት ይሸጣል?» አልሽኝ፤
መርፌ በጥርሴ ይዤ ነበርና መልሱ ጠፋብኝ።

ዛሬ ግን ዝናብ ነው፣ ሰው የለም፣ ክሩም ቦዝኗል፤
ቁጭ በይ ኢፍቱ፤ ሻዩ እስኪመጣ እንኳ ብዙ ይወራል።

አቦ፣ መሸጡን ተይው፤ እሱ ገና ነው፤
ቀሚሱ ሳይሰፋ ገዢ የሚጠራ ማነው?
እኔ ጨርቅ ስቆርጥ ሁለቴ ለክቼ ነው፣ እጄን ፈርቼ፤
ስጽፍ ግን ቆርጬ እለካለሁ፣ ተርትሬ፣ ደግሜ ሰፍቼ።

ለበድሪ አንብቢለት። ያ ኮት ሰፊው፣ ጎረቤቴ።
ሰለቸኝ አይልሽም፣ ጨዋ ነው፤ ግን አየሁት ስንቴ፣
ልቡ ሲሸፍትበት እግሩ ፔዳሉን ይረግጣል፤
ትርርር ሲል እርሳስሽን አንሺ፤ እዚያ ጋ ይቆረጣል።
ስለ ጎህ መቅደድ የጻፍኩት አሥራ አራት ሙሉ ገጽ ነበረ፤
እያንዳንዱን ቃል ስወደው ኖሬ፣ በእሱ እግር ተባረረ።
አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው። ግን መጽሐፉ ቀለለ፤
በእግሩ መሄድ ቻለ።

የእቁብ ዕጣዬ ወጣልኝና ድሬ ወረድኩ፣
አምስት መቶ ኮፒ በቀይ ልባስ አሳተምኩ።
አንቺ ስትሄጂ ግን ቁጠሪ! ቅጠል በቅጠል፣ እዚያው ቆመሽ፣
ማተሚያ ቤቱ ሻይ ቢጋብዝሽ፣ ሙቀቱ ቢያዞርሽ።
እኔ ሳልቆጥር ጫንኩት፤ ደንገጎን ስወጣ ዘፈንኩ፤
ሳምንት ሳይሞላ አፈርኩ።

አንዲት ነርስ መጣች፣ ከጀጎል ሆስፒታል፣ ዝናሽ ትባላለች፤
«ልጁ ኤረር በር አጠገብ የቤቱን በር አንኳኳ፤ ከዚያስ?» አለች።
ገለጥኩት። ስልሳ አራት ሁለቴ አለ፤
ስልሳ አምስት የለም።
ሌላውን ገለጥኩ፤ የለም። ሁሉንም። የለም።

ያን ሌሊት አራት መቶ ምናምን ውርደት ከአልጋዬ ሥር ይዤ አደርኩ፤
ሲነጋ በጨርቅ መቀሴ ትርፉን ቅጠል ገነጠልኩ።
ለአዴ ዘይቱና ሰጠኋት፣ ሸዋ በር የባቢሌ ለውዝ ለምትሸጠው፤
ቀንድ ቀንድ አድርጋ ጠቀለለችው።
ሰው ለውዙን ቆረጠመ፣ ጨዉን ከጣቱ ላሰ፣
ወረቀቱን ሊጥል ሲል ዓይኑ ከበሩ ደረሰ፤
ልጁ ያንኳኳል።
«ከዚያስ?» እያለ እኔ ሱቅ ይመጣል።

መጀመሪያ በአፌ ነገርኩ። ኋላ በካርቦን ገለበጥኩት፤
በሰማያዊ ክር፣ በዚህ መኪና፣ ከየመጽሐፉ ጋር ሰፋሁት።
ይሄን ዘዴ ነው ብለሽ እንዳትይዢው፤ ስህተት አይታቀድም፤
ብቻ ሰው «ከዚያስ?» ሲልሽ በርሽን አትዝጊ፤ ሌላ ምክር የለኝም።

አለኝ ለካ፤ ለዘመድ በነፃ አትስጪ። አጎቴ ተቀብሎኝ
የሻይ ብርጭቆ አሳረፈበት፣ እዚያው ፊቴ፣ እየሳቀልኝ።

ሚፍታህን ታውቂዋለሽ፣ ባጃጁ ላይ «አርሂቡ» የጻፈውን፤
እሱ ክሩን ሳይጠብቅ የራሱን ስልሳ አምስት ጻፈ፣ የጎደለውን።
በእኔ ገጽ አባት በሩን ከፍቶ ያለቅሳል፤
በሱ ግን «መብራት ጠፍቷል፣ ሻማ ገዝተህ ና» ይለዋል፤
አሥር ዓመት ጠፍቶ ለመጣ ልጅ!
ይበልጣል። ቀናሁ። ሁለት ቀን ሰላም አላልኩትም፤
በሦስተኛው ወንበር ሳብኩለት በደጅ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ነን፤ ዝናሽም ተረኛ ካልሆነች ትመጣለች፤
የአዴ ዘይቱና ልጅ ግጥም ትጽፋለች፣ ለእናቷ አልነገረችም፣ እኛን አምናለች።
አንዱ የሌላውን ይተረትራል፤ አንዱ ሲያሳትም ሌላው ድሬ አብሮት ይወርዳል፣
ገጽ ይቆጥርለታል። ሰው ብቻውን ይጽፋል፤ ብቻውን ሲቆጥር ግን ይዘላል።

መጽሐፍ እንዴት ይሸጣል? እንጃልኝ።
ሰማንያ ሁለቱ ዛሬም ከአልጋዬ ሥር ናቸው፤
አመድ ነስንሼባቸዋለሁ፣ ምስጡ እንዲፈራልኝ።

ይኸው በድሪ መጣ፣ ጃንጥላውን እያራገፈ።
ፌስታሉን ፍቺ፣ ዝናቡ ሳያልፍ።
ፊቱን አትዪ፤ ፊቱ ጨዋ ነው፤
እያነበብሽ እግሩን እዪው።